ማይክ የከፈታችሁ፣ እባካችሁ ዝጉ

አንድ ጊዜ፣ የክረምት ጉም ከተራራ ወርዶ ቀኑን ከምሽት ባመሳሰለበት ወቅት፣ እንስሳት በአካል መሰብሰብ ፈሩ። ወደ ሸንጎው ዋርካ የሚወስደውን መንገድ ጅብ ይዞታል። ሄዶ የተመለሰ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉባኤው በኢንተርኔት ይሁን ተባለ፤ ሁሉም በየጎሬውና በየበረቱ ሆኖ፣ በስክሪን። ርእሱ «ከጅብ ራስን መጠበቅ»። ገለጻ አቅራቢና ውይይት መሪ እመት አህያ።

እመት አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቀጥ አለ። ዕድሜ ልኳን አፏን በከፈተች ቁጥር ይሳቅባት ነበር። ባሏን ጅብ የበላው ቀን ጮኻለች፤ ያን ቀንም ሳቁ። አሁን የቀረቻት አንዲት ውርንጭላ ናት። ግንባሯ ነጭ፣ ጡት ገና ያልተወች። እሷ እንድታድግ ጉባኤው መስማት አለበት። ለመሰማት ደግሞ ስላይድ ያስፈልጋል።

በሰኮና ስላይድ መሥራት ቀላል አይደለም። አንዱን ስትነካ ሌላው ይጠፋል። የጉባኤውን ቴክኒክ የያዘው አያ ቀበሮ አጠገቧ ተቀምጦ ያያል።

«ጽሑፍ በዛ» አላት። «ማን ያነባል? ካርታ አስገቢ።»

«የምን ካርታ?»

«የማምለጫ መንገዶቹን ነዋ። ጅብ ያባረረው ወዴት እንደሚሮጥ ይወቅ። መንገዱን ቀይ አድርጊው፣ ጎልቶ እንዲታይ።»

«መደበቂያዎቹንስ ላሳይ?»

«መድረሻ የሌለው መንገድ ምን ይሠራል፣ እመት አህያ?»

እውነቱን ነው አለች በልቧ። መደበቂያዎቹን አንድ በአንድ አስገባች። ቀዩ ቀለም አማረ። በመጨረሻው ስላይድ ላይ «አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ አንድ አደይ አበባ አኖረች። አበባዋን ደጋግማ አየቻት።

የጉባኤው ቀን ውርንጭላዋ ጡት ካልጠባሁ ብላ አስቸገረች። በገለጻ መካከል ብትጮህ ያው ሳቅ ሊመጣ ነው። እመት አህያ ከድልድዩ በታች ወዳለው ዋሻ፣ እመት ፍየል ዘንድ ወሰደቻት።

«ስብሰባው እስኪያልቅ ያዢልኝ፣ እህቴ።»

«ተያት። እኔም ከዚሁ እከታተልሻለሁ።»

ውርንጭላዋ እናቷን ተከትላ እስከ ዋሻው አፍ ወጣች። እመት አህያ ዞር አላለችም። ሰዓቱ ደርሶባታል።

ጉባኤውን የከፈተው የክብር እንግዳው አያ አንበሶ ነው። ጅብ የጋራ ጠላት መሆኑን ከወረቀት አነበበ፣ ሌላ ስብሰባ እንዳለበት ተናገረና ወጣ። የጭብጨባ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ጎረፈ።

«ሳንሸታተት ልንጀምር ነው?» አለ ጋሽ ውሻ።

የዱሮው ደንብ ነበር። ሸንጎ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ይሸታተታል። ስም ቢቀየር፣ ድምፅ ቢቀጥን፣ የበግ ለምድ ቢለበስ፣ የጅብ ሽታ አይደበቅም።

«በስክሪን ሽታ አይገባም፣ ጋሽ ውሻ» አለ ቀበሮ። «በእሱ ፈንታ ሁሉም ስሙንና ያለበትን ቦታ ይናገር። ዛሬ ስብሰባ የሚጀመረው እንደዚህ ነው።»

ለእመት አህያ ሐሳቡ ጥሩ መሰላት። ውይይት መሪ ተሳታፊውን ማላመድ አለበት።

«እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ» አለች በግ።

«እኔ ከድልድዩ አጠገብ» አለ ቀበሮ። «ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል።»

«እኔ ገደል ላይ ነኝ» አለ ዝንጀሮ። «አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ።»

ሳቁ። የእመት አህያ ጆሮ ወደቀ፣ ግን ፈገግ አለች።

«እኔ ከድልድዩ በታች ካለው ዋሻ ነኝ» አለች ፍየል። «ውርንጭላሽም እግሬ ሥር ተኝታለች። አታስቢ።»

በስክሪኑ ላይ አንድ ካሜራው የጠፋ ጥቁር ሳጥን ቀረ። ከሥሩ «በግ» ይላል።

«በግ ሁለት ናት እንዴ?» አለ በሬ።

«በሁለት ስልክ ገብታ ይሆናል» አለ ቀበሮ ቶሎ ብሎ። «እንቀጥል።»

በግ ስልኳ አንድ ነው። ልትናገር አስባ ነበር፤ ስብሰባ ማቋረጥ ግን ነውር መሰላት።

ገለጻው ተጀመረ። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ሲደርሱ ድምፅ ተሰማ። ቀጭ። ቀጭ። የደረቀ ነገር በትልቅ ጥርስ ሥር ሲሰበር።

«ይሄ አጥንት ነው» አለ ጋሽ ውሻ።

«ማይክ የከፈታችሁ፣ እባካችሁ ዝጉ» አለች እመት አህያ።

«ዝጉ ምን ያደርጋል? ማን ነው የሚቆረጥመው ብለሽ ጠይቂ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! እኔ ይሄን ድምፅ...»

ቀበሮ የጋሽ ውሻን ማይክ ዘጋው። የሽማግሌው አፍ በስክሪኑ ላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለውም። በሬ ሳቀ።

ካርታው መጣ። ቀያዮቹ መንገዶች ቦግ ብለው ታዩ። ወዲያው በጥቁሩ ሳጥን ላይ የእጅ ሥዕል ተነሣ።

«እኔ... በግ ነኝ» አለ ወፍራም ድምፅ። «ካርታው ደስ ይላል። እስቲ ድልድዩ ጋ አጉዪልኝ። ወደ ዋሻው በቀኝ ነው በግራ?»

በዕድሜዋ ማንም ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። ደረቷ ሞቀ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችና ሥዕሉን አጎላችው። «በግራ፣ የወደቀውን ዋንዛ አልፎ። መግቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ለመጠበቅ ይመቻል።»

«መውጫውም ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ድምፁ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ከዚያ ከጥቁሩ ሳጥን ለሀጭ የበዛበት ትንፋሽ ተሰማ። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚሄድ እግር።

«ማይካችሁን» አለች እመት አህያ በትሕትና።

የእመት ፍየል ሳጥን ተንቀጠቀጠ። ፍየል ፊቷን ወደ ዋሻው አፍ አዞረች። «ማነው?» ስትል ተሰማ። ሳጥኑ ጠቆረ።

«እመት ፍየል ኔትወርክ ተቋረጠባት» አለች እመት አህያ። ከጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ቀዘቀዛት። ግን ስላይድ ቀርቷታል፤ ሁሉም ዝም ብለው ያዩዋታል፤ እንዲህ ታይታ አታውቅም። ቀጠለች።

ቀጭ። ይህን ጊዜ ድምፁ ደረቅ አልነበረም።

ከሥሩ ቀጭን ጩኸት ወጣ። ጡት የሚፈልግ ድምፅ። እናት አትስተውም።

እመት አህያ ጮኸች። አንገቷን ዘርግታ፣ ለባሏ እንደጮኸችለት። ጉባኤው ሳቀ። የሳቅ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ጎረፈ።

«ማይክ የከፈታችሁ ዝጉ» አለ ቀበሮ፣ የእሷንም ዘጋው።

ስትነሣ ሰኮናዋ መሣሪያውን መታው፤ ስላይዱ ዘሎ መጨረሻው ላይ ቆመ። ወደ ጉሙ ሮጠች። ወፍጮ ቤቱን አለፈች፣ ድልድዩን፣ የወደቀውን ዋንዛ። በግራ በኩል። መንገዱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ዋሻው ውስጥ ማንም አልነበረም። መሬቱ ረጥቧል። የፍየል ስልክ ወድቆ ይበራል፤ በላዩ «አመሰግናለሁ» ይላል፣ ከሥሩ አደይ አበባ። ገለጻው አለቀ ብለው ያጨበጭባሉ።

ዞር ስትል፣ አያ ቀበሮ ከዋሻው አፍ ጥግ ተቀምጦ ጅብ የተወለትን ይግጣል። ቀና ብሎ አያት።

«ጥሩ ገለጻ ነበር» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ አጥንት ሲቆረጠም ሰምቶ «ማን ነው?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «ድምፅህን ዝጋ» የሚል ጉባኤ፣ የሚዘጋው የበይውን አፍ ሳይሆን የገዛ ጆሮውን መሆኑን ነው።