የአትጠገብ ፓስፖርትና የአያ ልየው ጥያቄ

ደምበጫ ላይ ሰው ለትንሹ ነገር ተጨንቆ ትልቁ ውስጥ ዐይኑን ጨፍኖ ሲገባ የምትነሣ አንዲት አባባል አለች። አማችና ድግስ ስላለባት ብዙዎች ስለ ጋብቻ የተነገረች ይመስላቸዋል። የተነገረችው ግን ስለ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው።

አትጠገብ በከተማው ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች ናት። አባቷ አቶ ይርሳው ደግሞ ዘር በመቁጠር የታወቁ ሰው ናቸው። አምና ስንሻው የሚባል የእንስሳት ሐኪም ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቃት፣ እኒህ አባት ስምንት ወር ሙሉ የልጁን ዘር ሲቆጥሩ ከረሙ። መቁጠር ብቻ መሰላችሁ? እስከ ተወለደበት ቀበሌ ሰው ልከው በቅሎ ይመታ እንደሆነ፣ እናቱን ይጦር እንደሆነ አስጠየቁ። ስድስቱ ቤት ጠራ። ሰባተኛው ላይ ስሟ የተረሳ አንዲት የጥንት ሴት ተገኘች። "ስሟ ለማይታወቅ ሴት ዘር ልጄን አልሰጥም" ብለው ነገሩን ዘጉት። የሽማግሌዎቹ መሪ አያ ልየው በዚያ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ቆመው ሦስት ጊዜ የተመለሱ ናቸውና እስከ ዛሬ ሲነሣባቸው ይከፋቸዋል።

አትጠገብ ለስንሻው ብዙም አላዘነችም። ሐሳቧ ውጭ አገር ሄዶ ማስተማር ነበር። ኪጋሊ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር በኢሜይል ስትጻጻፍ ሁለት ወር ሆኗታል። አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቃ አሥራ አንዱንም መልሰውላታል። ቤት ከሌላ አስተማሪ ጋር እንደምትጋራ፣ አንድ ክፍል ሃምሳ ተማሪ እንዳለው፣ ፓስፖርቷ በገዛ እጇ እንደሚቆይ ሳይደብቁ ነግረዋታል። እዚያ ከምታስተምር አንዲት የወልድያ ልጅ ጋርም በስልክ አገናኝተዋታል። የቀራት ውሉ መምጣቱ ብቻ ነበር።

"ደመወዙ እፍኝ አይሞላ፣ ወሬው ኩንታል" ይላሉ አቶ ይርሳው።

በዚህ መካከል ሚኪያስ የሚባል ሰው ወደ ውጭ የሚልክ ደላላ ከባሕር ዳር ለአቶ ይርሳው ደወለ። ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ አካዳሚ እንግሊዝኛ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ደመወዙ የኪጋሊው ሦስት እጥፍ ነው፤ መልሱ ግን በሦስት ቀን ይፈለጋል አለ። የአንድ ፎቅ ፎቶም ላከ። አቶ ይርሳው ፎቶውን ለመንደሩ ሁሉ አሳዩ።

ሐሙስ ዕለት አትጠገብ ከሥራ ስትመለስ ሣጥኗ ተከፍቷል፤ ፓስፖርቷ የለም።

"አባዬ፣ ፓስፖርቴን አይተውታል?"

"ጠዋት ባሕር ዳር ሄጄ ለሰውየው ሰጥቼዋለሁ። ቪዛው እንዳይዘገይ ነው። ለእሑድ መሸኛሽም በግ ገዝቻለሁ።"

"ሳይጠይቁኝ? የትምህርት ቤቱ ስም ማን ነው?"

"አካዳሚ ነው ብሎኛል።"

"አካዳሚ ስም ነው እንዴ? ከተማውስ የት ነው?"

"ባሕር ማዶ ከተማ ሞልቷል፤ አንዱ ጋ ነው። ዕድል ሲመጣ ዘሩ አይጠየቅም፣ ልጄ።"

ስንሻው በቅሎ ይመታል ወይ ተብሎ ስምንት ወር ተጠየቀ፤ አትጠገብን ይዞ የሚሄደው ግን "አንዱ ጋ" ነው። ፓስፖርቱን በሰው እጅ ትቶ የወጣ ሰው በፈለገው ቀን እንደማይመለስ ታውቃለች። ያለ ፓስፖርት ደግሞ ኪጋሊም የለም። ለሚኪያስ ደውላ ከእሷ በፊት ማን እንዳስተማረ ጠየቀችው።

"እህቴ፣ አካዳሚው ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አይፈልግም" አላት።

"እንግዲያው ፓስፖርቴን መልስልኝ።"

"ሒደት ላይ ነው" ብሎ ዘጋው።

ሌላ መላ ስታጣ አያ ልየው ቤት ሄደች። "አያ ልየው፣ ሽምግልና ይሂዱልኝ" አለቻቸው።

"ደግሞ ለየትኛው ባል?"

"ለፓስፖርቴ ነው።" ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው።

አያ ልየው አዳምጠው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ደረቡ። "አባትሽ የጠየቀኝን ጥያቄ አንዱንም አልረሳሁት" አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ገቡ። በሚኪያስ ቢሮ ውጭ አገር ለመሄድ አምስት ወጣቶች ተራ ይጠብቃሉ። ሚኪያስ አያ ልየውን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

"ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም" አሉና በሩ መሐል ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ይችን ልጅ የሚወስዳት ስሙ ማን ይባላል?"

"ድርጅት ነው፣ አባቴ።"

"ድርጅትም ስም ይወጣለታል። አባቱስ ማን ነው? ማን አቆመው?"

"ባለሀብቶች ናቸው፤ ውጭ ነው ያሉት።"

"ከዚህች በፊትስ ስንት አግብቷል?"

"ማለት?"

"ስንት አስተማሪ ወስዷል? ከወሰዳቸው አንዷን በስልክ አገናኘኝ። ስትታመም የሚያሳክማት ማን ነው? አገሬ ልግባ ስትልስ የሚሰዳት?"

ሚኪያስ ስልኩን ይነካካ ጀመር። "አባቴ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ" አለ።

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ገና ሁለተኛው ቤት ላይ ነው የቆምከው፤ አምስት ይቀረናል።"

ከሚጠብቁት አንዱ ሳል ሳል አደረገና "እኔም የሄደ ሰው ስልክ ብታገኝልኝ" አለ። ሌላይቱ ፓስፖርቷን እንዲያሳያት ጠየቀች። ሚኪያስ ላቡን ጠረገ፤ በሩ ግን በአያ ልየው ተይዟል። መሳቢያውን ሳበ። ሒደት ላይ ነው የተባለው ፓስፖርት ከሌሎች ጋር በላስቲክ ታስሮ እዚያው ተኝቷል። አውጥቶ ለአትጠገብ ሰጣትና "ይሂዱልኝ" አላቸው።

ቤት ሲደርሱ ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው በእንስራ ተገዝቶ መጥቷል፣ በጉ ግንድ ላይ ታስሯል፤ ጎረቤትም ለነገው ድግስ መሰብሰብ ጀምሯል። አቶ ይርሳው ፓስፖርቱን በልጃቸው እጅ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ልየው፣ የልጄን ዕድል ምን አደረግኸው?"

"አባዬ፣ የቀጣሪዬን ስም ይንገሩኝና አሁኑኑ እመልስለታለሁ" አለች አትጠገብ።

አቶ ይርሳው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አዩት፤ ፎቁ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልተጻፈበትም። ቀስ ብለው ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በጉ ያን እሑድ አልታረደም። ሁለት ወር ተቀልቦ ለኪጋሊው መሸኛ ሆነ፤ ያውም አቶ ይርሳው የወልድያዋን ልጅ ራሳቸው በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመረመሯት በኋላ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ግን አያ ልየው፣ ሦስት ጊዜ ቆመው በተመለሱበት ደጃፍ በአራተኛው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ጠላ ፉት አሉና ወደ ተሰበሰበው ጎረቤት ዞረው እንዲህ አሉ፦ "አማቹን ሰባት ቤት ቆጥሮ መለሰ፣ ለማያውቀው ጌታ ድግስ ደገሰ።"