የመይሙና ለውዝ እና የዶክተሩ ማሽን

ተረት ተረት፣ የሊቅ ቤት።

ባቢሌ አካባቢ እትዬ መይሙና የሚባሉ ለውዝ አምራች ነበሩ። ከላይኛው ማሳ አንድ ጆንያ፣ ከታችኛው ማሳ አንድ ጆንያ ለውዝ አስገቡ፤ ሁለቱም ላይ ሻጋታ ታየ። ሻጋታ ሁሉ መርዝ አይሠራም፤ የሚሠራው ግን ጉበት ይጨርሳል። እፍኝ እፍኝ ቋጥረው ወደ ተመራማሪው ወደ ዶክተር ይርሳው ሄዱ።

“ልጄ፣ የትኛውን ለልጅ ልጆቼ ልስጥ? የትኛውን ልቅበር? ይህችን ብቻ ንገረኝ።”

“በሦስት ቀን!” አለ ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ። “የሻጋታውን ዘረመል ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። እስከዚያ ሁለቱንም እንዳይቀምሱ!”

ዘረመል ወደሚያነበው ማሽኑ ሄደ። “አንብብ እንጂ! አንተ ካላነበብክ መይሙና መልስ አያገኙ!” ማሽኑ ቀይ መብራት አበራ፤ ያለ ኬሚካል አላነብም አለ።

ኬሚካሉ የተቆለፈ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ የግምጃ ቤቱ ሹም የጋሽ ደባልቄ ወገብ ላይ። “ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ! እርስዎ ካልከፈቱ ኬሚካል አይወጣ፣ ኬሚካል ካልወጣ ማሽን አያነብ፣ ማሽን ካላነበበ መይሙና መልስ አያገኙ!”

“ያለ ደብዳቤ አልከፍትም።”

ዶክተሩ ደብዳቤውን ራሱ ጻፈ፤ አምስት ገጽ፣ ከነዋቢ ጽሑፉ። ጋሽ ደባልቄ አንድም መስመር ሳያነቡ ግርጌውን አዩና “ማኅተሙስ?” አሉ።

ይኸኔ መይሙና ደወሉ። “ልጄ፣ ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው። ልጆቹ ጆንያውን ይዞራሉ። ትንሿን ከአፏ ነው የነጠቅኳት።”

ዶክተሩ ደንግጦ ስልኩን ዘጋ። “አገር የሚገድለው የእናንተ ቸልተኝነት ነው!” እያለ ማኅተም ያዥዋ ወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ ገባ። “ይምቱልኝ! እርስዎ ካልመቱ ደብዳቤ አይሠራ፣ ደብዳቤ ካልሠራ ጋሽ ደባልቄ አይከፍቱ፣ እሳቸው ካልከፈቱ ኬሚካል አይወጣ፣ ኬሚካል ካልወጣ ማሽን አያነብ፣ ማሽን ካላነበበ መይሙና መልስ አያገኙ!”

ትርንጎ መዝገብ ገለጡ። “ዕቃ ተውሶ ላልመለሰ ሰው ማኅተም አልመታም። የናሙና መያዣው የበረዶ ሣጥን አልተመለሰም።”

“የትኛው ግዴለሽ ነው የወሰደው?”

“ዶክተር ይርሳው ይላል። ፊርማውም የእርስዎ ነው።”

ዶክተሩ ቤቱ ሮጠ። ሣጥኑ አልጋ ሥር ነው፣ ድንች ሞልቶበታል።

“ድንቹን የት ላድርገው?” አለች ሚስቱ።

በነጭ ጋዋኑ ቋጠረላት፤ ሣጥኑን ተሸክሞ በረረ።

ሣጥኑ ተመለሰ፣ ትርንጎ ማኅተም መቱ፣ ደብዳቤው ሠራ፣ ጋሽ ደባልቄ ከፈቱ፣ ኬሚካሉ ወጣ፣ ማሽኑ አነበበ። የታችኛው ማሳ ሻጋታ መርዝ መሥሪያ ዘረመሉ ሙሉ ነው። የላይኛው ግን ግማሹ የለውም፤ ልመርዝ ቢልም አይሆንለት።

ዶክተሩ ደወለ። “እናቴ፣ የታችኛውን ጥልቅ አድርገው ይቅበሩ። ከላይኛው የሻገተውን ለቅመው ይጣሉ፤ ንጹሁን ልጆቹ ይብሉ።”

“ተባረክ ልጄ! ይህን ሁሉ ቀን ያስቸገረህ ሻጋታው ነው?”

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። “የለም እናቴ። የሻገትኩት እኔ ነኝ።”

ተረቴን መልሱ፤ የተዋሳችሁትንም መልሱ።