ግራዝማችና ሸማኔው በአንድ ቋጠሮ

«ጓንጉል ሊጠፋ ነው።» ይህችን ወሬ ግራዝማች እንግዳሸት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ገበያ ሳይሰለቻቸው ይዘዋት ዞሩ። ዛሬ የዋስ ነገር በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠቅሳት ተረት የተወለደችውም ከዚያችው ወሬ ነው።

ነገሩ የጀመረው የግራዝማች ሙክት ሲጠፋ ነው። ያን ዕለት በበረታቸው በኩል ያለፈ ሰው ሸማኔው ጓንጉል ብቻ ነበርና ከሰሱት። ዳኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነገሩን ለስምንተኛው ቀን ቀጠሩና ጓንጉልን «እስከዚያው ዋስ ጥራ» አሉት።

ሸክላ ሠሪዋ እማማ ደብሪቱ ብድግ አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

«መሬት የሌለው ሰው ዋስ አይሆንም» አሉ ግራዝማች።

«እርስዎ አምና በድንበር ሲከሰሱ በቃልዎ ብቻ አልነበር የለቀቅንዎት?» አሉ ዳኛው።

«እኔማ ባለመሬት ነኝ። መሬቴን ተሸክሜ የት እሮጣለሁ?»

«እሱስ የሽመና ጉድጓዱን ተሸክሞ ሊሮጥ ነው?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ሰው ሳቀ፤ ግራዝማች ግን ወይ ፍንክች። ዳኛው የከሳሽንና የተከሳሽን ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት፤ ቁራኛ ይሉታል።

«ዋስ ያልተቀበለ ራሱ ይጠብቅ። ልጆቹ የሚበሉት ከእጁ ነውና እሱ ወደ ሥራው፣ እርስዎም ከኋላው።»

ግራዝማች የመጀመሪያውን ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ዋሉ።

«አንተ፣ ይህ መወርወሪያህ አያርፍም?»

«እሱ ሲያርፍ ልጆቼ ይጾማሉ፣ ጌታዬ።»

በሁለተኛው ቀን ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ቢመራቸው ለመወርወሪያው የሚሆነውን ማግ በቀሰም ይጠቀልሉለት ጀመር። በሦስተኛው የጓንጉልን ትንሿን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሽሮ ሲያጎርሷት ታዩ። በአራተኛው ማለዳ ወገባቸውን ይዘው፣ ጓንጉልን አስከትለው ዳኛው ዘንድ ቀረቡ።

«ለጓንጉል ዋስ ተገኝቷል።»

«ማን?»

«እኔ።»

«ከሳሹ?»

«ክሱ አልቀረም፤ ሙክቴን በቀጠሮው ቀን እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ እሱ በወጉ ይሥራ፣ እኔም ወገቤን ላሳርፍ።»

ዳኛው ዋስትናውን ተቀብለው ቋጠሮውን ሊፈቱ ጎንበስ ቢሉ ቋጠሮ የለም። የግራዝማች ጋቢ ጫፍ በጓንጉል መቀነት ውስጥ ተሸጉጦ ተገኘ።

«ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ጓንጉል አቀረቀረ። «ከመጀመሪያው ቀን። ቋጠሮው እጄን ቢይዘኝ ፈታሁት። ግራዝማች እንዳይሰጉ ብዬ ጫፉን ሸጎጥኩት።»

ግራዝማች አንዴ ጫፉን፣ አንዴ ሸማኔውን አዩ። በዚያ ሲያልፉ የቆሙት እማማ ደብሪቱ ለገበያ የተሸከሙትን ማሰሮ ሳያወርዱ፣ «አይ ግራዝማች» አሉ፣ «የሚጠፋን ቋጠሮ አያግደው፣ የማይጠፋን ቋጠሮ አያሻው።»