የፊታውራሪው አፍንጫ

ፊታውራሪ ይርዳው ጉንፋን ያዛቸው። ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ተወቅጦ ሲበላ እንደሚያሽል ሲነገራቸው፣ «እንግዲያው አፍንጫዬ እስኪከፈት ድረስ ያገሩ ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ወደ ጎተራዬ ይግባ። ደብቆ የተገኘ ይገረፋል» ብለው አወጁ።

ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። የፊታውራሪ ወጥ እየጣፈጠ ሄደ፤ አፍንጫቸው ግን አልከፈት አለ። ሰዉ «ሽንኩርታችንን ይመልሱልን» ብሎ ደጅ ሲጠናቸው፣ «ኧረ ምኑን! አሁንም እፍን እንዳለኝ ነው» ይሉታል።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇን ሳል ቢያጣድፋት ጊዜ የደበቀችውን ነጭ ሽንኩርት አውጥታ ጓዳ ውስጥ ትወቅጣለች። ፊታውራሪ በደጇ ሲያልፉ በቅሏቸውን ገቱ።

«አንቺ! ነጭ ሽንኩርት ትወቅጫለሽ!»

ሴትዮዋ ወደ ደጅ ወጣች። «ማን አየኝ፣ ጌታዬ?»

«ማየት ምን ያደርጋል? እዚህ መንገድ ላይ ድረስ ሸተተኝ! በገዛ አፍንጫዬ እመሰክርብሻለሁ። አለንጋ አምጡ!»

ሴትዮዋ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«እንኳን እግዜር ማረዎት፣ ጌታዬ! ሰማችሁ ጎረቤቶቼ? የጌታችን አፍንጫ ተከፈተ! በሉ ቁናችሁን ያዙና ሽንኩርታችንን ከጎተራቸው እናውጣ!»