ዳለቻዋ አህያ የመረጠችው ክንፍ

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ሳንቃ ላይ ቆመው፣ ሸራ ወጥረው፣ በነፋስ እየተገፉ ውኃ ላይ መንሸራተት ተምረው ነበር። ማን አስተማራቸው የሚል ካለ ሄዶ እነሱን ይጠይቅ። አንበሳው ሳይቀር ሸራ ይዞ ይቆም ነበር፤ ሲወድቅ ያየው ሁሉ ግን አላየሁም ይላል።

ያን ዓመት በጋው ጠና። ምንጩ ሁሉ ነጠፈ። የሐይቁም ዳር ሸሽቶ ዙሪያውን ማጥ ሆነና ለመጠጥ የሚወረድበት ደህና መውረጃ አንድ ብቻ ቀረ። በዚያች መውረጃ ግፊያና ጠብ በዛ። ጩኸት የሰለቸው አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበና፣ «በሳንቃው በሐይቁ መሃል ያለችውን ደሴት ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ የመውረጃው ጠባቂ ይሁን። እሱ የፈቀደለት ይጠጣል፤ ያልፈቀደለት ይጠማል» ብሎ ፈረደ።

አያ ጅቦ ወዲያው ዘሎ ወጣ። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በሬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ፈረሱን ድንገት እግሩን አመመው። ዳለቻዋ አህያ ግራ ቀኟን አየች፤ ከጎኗ የቆመው ውርንጭላዋ ላይ ዓይኗ አረፈ። ጅብ መውረጃውን ከያዘ ይህ ልጅ ይወርዳል እንጂ አይመለስም።

«እኔም አለሁ» አለች።

«አንቺ?» አያ ጅቦ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ሸክም መሰለሽ እንዴ? ሸራ ነው እኮ!»

«ሸክም ቢሆንማ አንተ መች እዚህ ትቆም ነበር?»

የሳንቃ ክንፍ የምትሠራው እሜቴ ቀበሮ ነበረች። ክንፍ ሲባል የሚበሩበት አይደለም። ከሳንቃው ሆድ ስር፣ ወደ ኋላው፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ሆኖ የሚሰካ ነገር ነው። እሱ ከሌለ ሳንቃው ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ቀበሮ ከወይራ የጠረበችውን፣ ከቀንድ የፋቀችውን፣ ከአጥንት የሞረደችውን ከጉድጓዷ ደጃፍ ደርድራለች። ከአያ ጅቦ ጋር ደግሞ አስቀድማ ተነጋግራለች፤ እሱ መውረጃውን ከያዘ ከሚጥለው ሁሉ ጉበቱ የእሷ ነው።

አያ ጅቦ ክንፎቹን በአፍንጫው እያገላበጠ መጣና ከሁሉ የገዘፈው ላይ ቆመ። የጎሽ ቅልጥም ነው።

«እሱ ይቅርብህ» አለች ቀበሮ። «ገና አልደረቀም። መቅኔውም አልወጣለትም።»

«ትልቅ ነው?»

«ትልቅስ ትልቅ ነው፤ ግን...»

«እንግዲያው የኔ ነው!» አለና አቅፎት ሄደ።

ቀበሮ ራሷን ነቅንቃ ወደ አህያዋ ዞረች። ድምፅዋም ማር ሆነ። «እታለም፣ ላንቺ ደግሞ ይሄን አስቀምጬልሻለሁ። ወይራ ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። እንዳንቺ ያለ ቁመና ላላት ሴት የሚገባ ነው። በለስላሳ ነፋስ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ያስኬድሻል።»

ይህ ሐሰት አልነበረም። ቀበሮ ስታታልል ከእውነቱ የሚጠቅማትን ቆርጣ ነው የምትሰጥ።

ዳለቻዋ ወይራውን በአፍንጫዋ ነካችው። ያምራል። ቀና ብላ ሐይቁን አየች። ደንገሉ በነፋስ ተደፍቷል፤ እስከ ደሴቲቱ ድረስ እንቦጭ እዚህም እዚያም ተንሳፏል።

«ዛሬ ነፋሱ ለስላሳ ነው?»

«እየበረደ ነው፣ እታለም።»

«እንቦጩስ? እሱም እየበረደ ነው?»

ቀበሮ ጭራዋን ታይ ጀመር።

«ያን አጭሩን የቀንዱን አምጪልኝ» አለች ዳለቻዋ፤ ጥግ ወዳለው አቧራ የለበሰ ክንፍ እያየች።

«ያን? አታይም ወደ ኋላ ጎብጧል? ብልሽት ነው እኮ!»

«እኔም ስሮጥ ጆሮዬን ወደ ኋላ አስተኛለሁ፤ ተበላሽቼ ነው? ቀጥ ብሎ በቆመው ክንፍ ላይ እንቦጭ ይጠመጠምበታል፤ ወደ ኋላ ከተኛው ላይ ግን ተንሸራትቶ ይወርዳል። ነፋሱም ብርቱ ስለሆነ ትንሽ ሸራ ነው የምይዘው። በዚህ ነፋስ ያን ረጅሙን ብሰካ ሳንቃዬን አንሥቶ ይገለብጠኛል።»

እሜቴ ቀበሮ አጭሩን አንሥታ አቧራውን አራግፋ አቀበለቻት። ይህን ሁሉ ዘመን ክንፍ ስትሠራ እንዲህ አድርጎ የመረጠ አልገጠማትም። ጉበቱ ከእጇ ሲወጣ እየታወቃት እንኳ፣ በልቧ «አቤት አህያ!» አለች።

አንበሳው አገሳ፤ ሁለቱም ሸራቸውን አነሡ።

አያ ጅቦ ጎጆ የሚያህል ሸራ ይዞ፣ ጠራ ያለው ውኃ ላይ ጥሏት ሄደ። «ልጅሽን ነገ ይዘሽልኝ ነይ!» እያለ ወደ ኋላ ይጮሃል። ውኃው የዳለቻዋን ፊት ይመታታል፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ሸራዋን እንደያዘች ነው።

እንቦጩ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ተለወጠ። የአያ ጅቦ የቅልጥም ክንፍ እንቦጩን ሁሉ ሰብስቦ ነዶ አከለ፤ ሳንቃውም ቆመ። ጅቦ በሆዱ ተኝቶ እንቦጩን ለመንቀል አንገቱን ወደ ውኃው ሲሰድ መቅኔው ሸተተው። እንቦጩን ነቀለ። አንዴ ላሰ። ዙሪያውን አየ።

ዳለቻዋ እንቦጩን እያንሸራተተች ስታልፍ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እያጸዳሁ ነው!» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

አጽድቶም ጨረሰ። ተነሥቶ ሸራውን ቢወጥር ሳንቃው እንደ እንዝርት ተሽከረከረና ደንገሉ ውስጥ ወስዶ ወረወረው።

ዳለቻዋ ደሴቲቱን ስትዞር ነፋሱ በጎን መጣባት። በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። ዳር የቆመው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። የቀንድ ክንፏ ግን ውኃውን ጨብጣ ቀጥ አደረገቻት፤ ተነሣች፤ እንዲያ እንደቆመች፣ ጆሮዋን አስተኝታ፣ ዳር ደረሰች። በሬው አገሩን በእምቧታ አናወጠው። የፈረሱም እግር ያን ጊዜ ዳነ።

«መውረጃው የእሷ ነው» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። «እንግዲህ እኔ ልጠማ ነው?»

ቀበሮ ወደ ዳለቻዋ ጆሮ ተጠጋች። «ከልክዪው፣ እታለም። ያቺን አጭሯን እኮ ላንቺ ብዬ ነው ጥግ ያስቀመጥኳት።»

«ሁለታችሁም ትጠጣላችሁ» አለች ዳለቻዋ። «ሌላው ሁሉ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ አብራችሁ።»

ውርንጭላው ከሁሉ ቀድሞ ወረደ፤ ሆዱ እስኪወጠርም ጠጣ። ጅብና ቀበሮ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ተራቸውን ጠበቁ።

ከዚህ የምንማረው መሣሪያ የሚመረጠው በግዝፈቱና በውበቱ ሳይሆን የሚውልበትን ቦታና የራስን አቅም አይቶ መሆኑን፣ ሆዱን አማክሮ የመረጠ ግን ጉዞው መሃል ላይ እንደሚቀር ነው።