የማይነካው መስኮት

በአሮጌው ሰፈር፣ አያቷ ባሠሩት ፎቅ ቤት ውስጥ የምትኖር አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። የመኝታ ቤቷ የእንጨት መስኮት በምስጥ ተበልቶ አልዘጋ ስላላት፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ አልጋዋ ላይ ሲወርድ ከረመ። በአዲስ ልታስቀይረው አናጢ ብትጠራ፣ የቅርስ ኃላፊው አቶ ልሣነወርቅ ከሁለት ደንብ አስከባሪዎች ጋር ከች አሉ።

«ይህ ቤት ቅርስ ነው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ይህን መስኮት ያለ ፈቃድ የነቀለ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይታሰራል።»

«ታዲያ ፈቃዱን ይስጡኛ።»

«አይሰጥም! መስኮቱ ምንም አልሆነም፤ አዘጋጉን ስላላወቅሽበት ነው።»

አናጢው ዕቃውን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሳ። ባልቴቷ ግን እጅ ነሳችና፣ «እንግዲያውስ ጌታዬ፣ አዘጋጉን ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ኃላፊው እጅጌያቸውን ሰብስበው መስኮቱን በኃይል ሳቡት። መስኮቱ ከነመቃኑ ተነቅሎ እቅፋቸው ውስጥ ገባ። ደንብ አስከባሪዎቹ አለቃቸውን አዩ፤ አለቃቸውም እንጨቱን እንደታቀፉ ደርቀው ቀሩ።

«አይደንግጡ ጌታዬ፣ እኔ አልከስዎትም» አለች ባልቴቷ። «አናጢውም እዚሁ አለልዎት፤ ብቻ አዲሱን ሲያስገጥሙልኝ በደንብ የሚዘጋ ይሁን።»