ጉሙ የሚያርፍበት ደን

አባባ፣ ጽሕፈቴ ተንጋዶብዎት፣ ፊደልም ስቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ስምንተኛን እንደምንም ከጨረስኩ ወዲህ እስክሪብቶ አልያዝኩም። ትናንት «የዛፎቹን ዋጋ ነጋዴው ነግሮኛል። ከእንጨቱ ሌላ ይህ ደን ምን አለው? የምታውቁ ንገሩኝ» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ሰው ፊት መናገር ስለሚያቅተኝ መልሴን በምሳሌ ጻፍኩት። ነገ ከመዋዋልዎ በፊት ያንብቡልኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከቤቱ በላይ ከአያቶቹ የወረሰው ደን አለው። ጎህ ሲቀድ ጉም ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ቀስ ብሎ ይወጣና፣ መንገድ እንደደከመው እንግዳ ዛፎቹ ላይ ያርፋል። ከቅርንጫፎቹ የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ጉሙን እየጠጣ መልሶ ጠብ፣ ጠብ ያደርገዋል። ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደኑ ውስጥ ይዘንባል። ሰውየው ሕፃን ሳለ ዛፎቹ ተኝተው የሚያልሙ፣ ጠብታውም ሕልማቸው ይመስለው ነበር። ከደኑ ግርጌ በጋ ከክረምት የማትጎድል ምንጭ አለች።

አንድ ቀን እንጨት ነጋዴ መጣ። ግንዱን ሁሉ በክንዱ እያቀፈ ለክቶ ዋጋ ጠራ። ሰውየው ዋጋውን ሲሰማ ለመዋዋል እጁን ዘረጋ። ሚስቱ ግን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ለጉሙስ ስንት አሰቡ?» አለችው ነጋዴውን።

ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ጉም በመኪና አይጫንም! እሱን ለእናንተ መርቄላችኋለሁ።»

«ሰማሽ?» አለ ባልየው። «ዛፉን ሸጠን ጉሙ ቀረልን። ሞኙ እሱ ነው።»

«እሱ ሞኝ ከሆነ አንተ ምን ያስቸኩልሃል?»

ሰውየው ግን ሸጠ።

መጋዙ ዝም ሲል ኮረብታው የተላጨ ራስ መሰለ። በማግስቱ ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ጉሙን ጠበቀ። ጉሙ እንደ ወትሮው ገደሉን ወጣ፤ አፋፉ ላይ ሲደርስ ግን ማረፊያ አጣ። በጉቶዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ አለ፤ የሰውየውን ፊት ዳበሰ፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ሳይጥል ወደ ሌላ አገር አለፈ። በጋው ሲገባ ምንጯ ቀጠነች። ከብቶቹ ጭቃ ይልሱ ጀመር፤ ጭቃውም ደረቀ።

ያን ጊዜ ሰውየው በእንጨቱ ገንዘብ አቡጀዲ በጣቃ በጣቃ ገዝቶ መጣ። ዛፍ በነበረበት ቦታ ሁሉ ቀርከሃ እየተከለ ጨርቁን ወጠረ። ጎረቤቶቹ «ምነው፣ ለጉሙ ዳስ ጣልክለት? ማንን ልትድርለት ነው?» እያሉ ተሳለቁበት። እሱ መወጠሩን ቀጠለ።

ጎህ ሲቀድ ጉሙ መጣ፤ ጨርቁ ላይም ጥቂት አረፍ አለ። ሰውየው ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው እየሄደ ሲጨምቅ አረፈደ። ያገኘው አንድ ቅል ውሃ ነው። ሚስቱ ተቀብላው ለጥጃዋ አጠጣች። ጥጃዋ ጨርሳ ቀና አለችና ሌላ ጠበቀች። ሰውየው ወደ ኮረብታው ዞረ። ያ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ንፋስ ላይ ይውለበለባል፤ የአንዲት ዝግባን ሥራ እንኳ አልሠራም።

አባባ፣ ያ ሰው እንዳይሆኑ ብዬ ነው። ነጋዴው የነገርዎት በመኪና የሚጫነውን ዋጋ ብቻ ነው። ደኑ በየጠዋቱ የሚሠራልንን ሥራ እኛው እንሥራው ብንል ምን ያህል እንደሚያስወጣን ያስቡት፤ ዋጋው እሱ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ሄጄ የምዘገየው ጀሪካኑ ከብዶኝ አይደለም። ጉሙ ሲያርፍ ማንም ስለማያየኝ፣ ዛፎቹ መካከል ገብቼ ጮክ ብዬ እዘፍናለሁ። ድምፄኮ ያምራል፣ አባባ።